ሽማግሌ የተላከበት ሳንቲም

ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ። ነቀምቴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የዕቁብ ዕጣዎች በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ሲናጡ የሚሰጡት ድምፅ ይህ ነበር። ቆርቆሮውን የሚንጡት የዕቁቡ ዳኛ አቶ ሀብቴ ነበሩ፤ ልጃቸው ተክሉም ከጎናቸው ተቀምጦ እንደ መዝሙር ያዳምጠው ነበር። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ሳይቆጥር አቶ ሀብቴ ቀና ብለው፣ «ዋስህ ማነው?» ይሉታል። ሰውየው ከዚያ በኋላ መዋጮውን ቢያቋርጥ እንኳ ዘለው የዋሱን ላም አይነዱም። አስቀድሞ ቤቱ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ስለ ዝናቡ ይጫወታሉ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ጉዳዩ ይገባሉ። «የሰው መያዣ የሚነካው ባለቤቱ ፊት ለፊት ከተጠየቀ በኋላ ነው» ይሉ ነበር አቶ ሀብቴ።

ተክሉ ይህን ትምህርት ይዞ ኦስሎ ገባ። ሌላው ያገር ቤት ዕውቀቱ በየመንገዱ ጠፍቶበታል፤ ይኸኛው ግን፣ ጉድ ሊያፈላ፣ አልጠፋም።

ዛሬ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ የሰንበት ትምህርት ያስተምራል። ሃውገንስቱዋ በሚባል የኦስሎ ሰፈር በኪራይ የኖረባት ቤት ባለቤት አንድ ቀን ጠርቶት፣ «ልሸጣት ነው። በጋው እስኪገባ ግን ቅድሚያው ያንተ ነው» አለው። ባንኩም ቀሪውን ላበድርህ፣ አንተ ግን መነሻዋን ከኪስህ አምጣ አለ። ያቺን መነሻ፣ እነሱ ኤገንካፒታል የሚሏትን፣ ተክሉ ስንት ዘመን በትርፍ ሰዓት ሥራ አጠራቅሟታል። የጎደለችው ትንሽ ናት። ያቺ ትንሽ ከተሞላች ቤቷ የእሱ ናት።

ትንሿን ሊሞላለት ኖኤል መጣ።

ኖኤል እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ዳዊትና ጎልያድን ከተክሉ አፍ የተማረ ልጅ ነው። አሁን ብሪን ሰፈር በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፤ ደመወዙ የመምህሩን እጥፍ ነው። ከዳዊት ወገን ወደ ጎልያድ ወገን ተዛውሯል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ስማ» አለው ከአምልኮ በኋላ። «ገንዘብህ ባንክ ተኝቶ ምን ያደርግልሃል? ለሦስት ወር ለእኔ አበድረኝ። በወለዱ የጎደለህን ትሞላለህ።»

«ዋስህ ማነው?» አለ ተክሉ፤ ድምፁ የአባቱን ድምፅ መሰለ።

«ዋስ ምን ያደርጋል? ክሪፕቶ አስይዝልሃለሁ፤ በኮምፒዩተር የሚገበያይ፣ ዋጋው ከብድሩ የሚበልጥ ሳንቲም። እሱ ይቆለፋል፣ እኔም አልነካውም። ዋጋው ከመስመሩ ከወረደ ስልክህ ይጮኻል፤ ‹ሽጥ› የሚለውን ትጫናለህ፣ ገንዘብህን ትወስዳለህ። ባንክ የለ፣ ሽማግሌ የለ። መተማመን ራሱ አያስፈልግም።»

«መተማመን ካላስፈለገ ለምን እኔ ጋ መጣህ?»

«ስለማምንህ ነዋ!»

ነቀምቴ ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልነበረም።

«ሳንቲሙ ካለህስ ሸጠህ አትጠቀምበትም?»

«ናይ፣ አልሸጥም! ይጨምራል እኮ። በብድሩ ሌላ እገዛበታለሁ።»

ሳንቲሙ ላይ ክንፏን የዘረጋች የባሕር ወፍ ተሥላለች። ተክሉ ሥዕሏን ወደዳት። የተሣለችው ለመብረር መሆኑን ማን ልብ ይላል? ገንዘቡን ሰጠ።

ሳምንታት በሰላም አለፉ። አንድ ዓርብ ግን፣ አንዲት አሮጊት ምሳ እያበላ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ወፏ ከመስመሩ ወርዳለች። «ሽጥ» ይላል በአንድ በኩል፤ «ታገሥ» ይላል በሌላው። ያን ጊዜ ቢሸጥ ገንዘቡ ከነወለዱ ይመለስ ነበር። ጣቱ «ሽጥ» ድረስ ደረሰና አፈረ። ስልክ ጮኸ ተብሎ የሰው ልጅ ንብረት፣ ያውም ባለቤቱ ሳይጠየቅ? የልጁ እናት ተናኜ እሑድ መዘምራን ውስጥ ቆማ ስታየው ምን ትላለች? «ታገሥ» የሚለውን ተጫነና ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ለጋሽ አለባቸው ደወለ። ጋሽ አለባቸው አውቶቡስ ነጂ ናቸው፤ ቅዳሜ ተረኛ ነበሩና ቀጠሮው ለእሑድ ሆነ። የዓለም ገበያ የጋሽ አለባቸውን የሥራ ተራ ሳይጠይቅ ቅዳሜን ሙሉ ሲወርድ ዋለ። ተክሉ ስልኩን አላየም። ሽማግሌ ከላኩ በኋላ ስልክ ማየት ሽማግሌውን መናቅ ነው።

እሑድ ሁለቱ ቶየን ሰፈር፣ ኖኤል ቤት ገቡ። ጋሽ አለባቸው ሶፋው ላይ ተደላድለው ስለ ብርዱ ተጫወቱ፣ ስለ እናቱ ጤና ጠየቁ፣ መቼ እንደሚያገባም ሳይጠይቁ አላለፉም። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ የመጣነው ስለዚያች ወፍ ነው።»

ኖኤል ሳቅ ጀመረና አቋረጠው። «ጋሼ ተክሉ! ዓርብ አልሸጥክም እንዴ?»

«ሳልነግርህ?»

«ያ፣ አዎ! ሳትነግረኝ! የተሠራው እኮ ሳትነግረኝ እንድትሸጥ ነው! ሄረጉድ!»

ጋሽ አለባቸው ፊታቸውን አጨማደዱ፤ የአምላክን ስም በከንቱ መጥራትን በኖርዌይኛም ያውቁታል።

ኖኤል ስልኩን ከፍቶ አሳያቸው። መያዣው የብድሩን ግማሽ እንኳ በጭንቅ ነው የሚሸፍነው።

«ላም አለኝ በሰማይ» አሉ ጋሽ አለባቸው።

«ላም አይደለም፣ ወፍ ነው» አለ ኖኤል።

«ወፏስ ወፍ ናት፤ ቀሪውን ማን ይከፍላል?»

«ውሉ ግልጽ ነው። ዕዳው ያለው መያዣው ላይ ነው እንጂ እኔ ላይ አይደለም። መያዣውን ሰጥቻለሁ፤ ያልሸጠው እሱ ነው።»

«ኖኤል» አለ ተክሉ ዝግ ብሎ፣ «ወሩ ሲያልቅ ቤቷ ለሌላ ሰው ትሸጣለች።»

«በጣም ያሳዝናል» አለ ኖኤል፤ ለደንበኛ በሚሰጥ፣ ከልብ ባልራቀና ወደ ኪስ ባልቀረበ ሐዘን።

ጋሽ አለባቸው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «የውሉ ቤት አይደለም የመጣነው፤ ያንተ ቤት ነው። ደመወዝ አለህ። በወር በወርም ቢሆን፣ ጉድለቱን ትሞላለህ ወይስ አትሞላም?»

ኖኤል ማጅራቱን አሸ። «እስቲ ላስብበት።»

«መልካም። በጸሎት እናስብበታ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የጋሽ አለባቸው ጸሎት አውቶቡሳቸውን ይመስላል፤ ፌርማታ አይዘልም። ስለ ተናኜ ጤና ጸለዩ፣ ስለ ኮሙኑ ማዘጋጃ ቤት ሹማምንት ጸለዩ፣ በባሕር ስላሉ መርከበኞች ጸለዩ። በመርከበኞቹ መካከል ተክሉ ኮሽታ ሰማ። የቆርቆሮው ድምፅ መስሎት፣ ዕጣ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ዓይኑን አጥብቆ ጨፈነ።

«አሜን» አሉ ጋሽ አለባቸው።

የኖኤል ወንበር ባዶ ነበር። ጃኬቱ ከመስቀያው የለም፤ ጫማውም ከደጅ ላይ የለም። ኮምፒዩተሩ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ፣ ቁልፉ ግድግዳው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። መተማመን አያስፈልግም ያለው ልጅ ቤቱን ከነዕቃው ላበዳሪው ትቶ፣ ዋስም ሳይጠራ፣ ደህና ሁኑም ሳይል ወጥቷል። በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር።