ከእድሩ እንጂ ከሐዘኑ ያልወጡት ጋሽ አለኸኝ

እስካሁን አላመንኩም። ዛሬ ጠዋት እዚህ ዳንግላ ጡሩምባ ሲነፋ «ደግሞ ማን ሞተ?» ብዬ ወጣሁ። ጡሩምባ ነፊው «ጋሽ አለኸኝ፣ ባለጋሪው፣ አርፈዋል!» አለ። ወደ ቤታቸው ሮጥኩ።

ለማታውቋቸው፦ የፕሮቴስታንት ሜኖናይት ጉባኤያችን የተጀመረው በእርሳቸው ቤት ነው። አዳራሽ አልነበረንም። ከፈረሳቸው ጋጣ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ተፋፍገን፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። ፈረሱ ግን ምሥጢር የሚባል አያውቅም፤ ልክ «አሜን» ልንል ስንል ያሽካካል። ጋሽ አለኸኝ ሳቃቸውን አፍነው «ከሁላችን ደፋሩ እሱ ነው» ይሉ ነበር።

ሹክሹክታው ልማድ ሆኖብን ቀረ። አዳራሽ ሠርተን፣ ድምፅ ማጉያ ገዝተን እንኳ የእኛ የድሮዎቹ ድምፅ አልወጣ አለ። ወጣቶቹ ይስቁብናል።

ጋሽ አለኸኝ ያኔ፣ ቤታቸው ውስጥ እንሰበሰብ በነበረ ጊዜ ነው «ሃይማኖቱን ለወጠ» ተብለው ከሰፈሩ እድር የተሰረዙት። እድር የሌለው ሰው ሲሞት ማን ድንኳን ይተክልለታል? ማን ይቀብረዋል? ባለቤታቸው ይህን እያሰቡ ያለቅሱ ነበር።

እርሳቸው ግን ሰፈር ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር ጋሪያቸውን ይዘው ቀድመው ይደርሳሉ። የድንኳኑን ብረት፣ አግዳሚውን፣ ውሃውን ሲያመላልሱ ይውላሉ። አንድ ቀን ተናድጄ «ላባረሩዎት ሰዎች ነው ይሄ ሁሉ?» አልኳቸው።

ልጓሙን እያስተካከሉ «ከእድሩ አስወጡኝ እንጂ ልጄ፣ ከሐዘኑ ማን ያስወጣኛል?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ይህችን ቃል ስንቴ እንደሰማኋት!

እድሩ መልሶ ሳይመዘግባቸው ቀረ። ዛሬ ግን ስደርስ፣ ማንም ሳይጠይቅ ድንኳኑ ግቢያቸው ውስጥ ተተክሏል። ብረቱን የተሸከሙት እነዚያው የእድሩ ሰዎች ናቸው።

ቀብሩ ልጃቸው ከጫግኒ እስኪደርስ ነገ ተባለ። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ የሚወዱትን የአገውኛ መዝሙር ጀመርን፤ እንደ ልማዳችን በሹክሹክታ። የእድሩ ዳኛ ቀና ብለው «ምነው ትንሾካሾካላችሁ? ጮክ በሉ እንጂ፣ እኛም እንስማ!» አሉ።

መዘመሩ ቀርቶ ለቅሶ ቀደመኝ።

ጋሼ፣ እውነትዎን ነበር፤ ከሐዘኑ ማንም አላስወጣዎትም። ነገ ስንሸኝዎት በሹክሹክታ አይደለም፤ ከፈረስዎ አናንስም። በሰላም ይግቡ።