ከዘር በቆሎው ጋር የተሰቀሉት

ዓመቱ የትኛው እንደነበር አሁን በትክክል አላስታውስም። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ በኋላ መሆኑን ግን አልስተውም፤ ክረምቱ ወጥቶ የኮልፌ ጭቃ መጠጠር ጀምሮ ነበር። ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ቤተ መጻሕፍት ይዛኝ መሄዷ ነው። በወጣትነቴ የጠረብኳቸው፣ በክር የሚንቀሳቀሱ የእንጨት አሻንጉሊቶች እዚያ በመስታወት ሣጥን ተቀምጠዋል።

ያኔ አናጢ ነበርኩ። በቀራንዮ በኩል መንገድ የሚሠራ አንድ ጣሊያናዊ በምሳ ሰዓት አሻንጉሊት በክር ሲያስጨፍር አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። እኔም ከዋንዛ ሙሽራ ጠረብኩ፣ ሚዜ ጠረብኩ፣ አዝማሪ ጠረብኩ፣ ቀለምም ቀባኋቸው፤ ከስንዝር ብዙም አይበልጡም። እዚያ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ባለላባ ባርኔጣ የደፋ፣ ሆዱ የገፋ የጣሊያን ሹም ጨመርኩና እሁድ እሁድ ሙሽራዋ ፊት ስጥለው ሰፈሩ በሳቅ ያልቅ ነበር።

ሳቁ ጣሊያኖች ጆሮ ደረሰ። አንድ ጠዋት ወታደሮች አሻንጉሊቶቹን ፍለጋ ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው ተባለ። ካገኙብኝ እንደማልተርፍ አውቃለሁ። እሳት ለኩሼ ስንቆራጠጥ ጎረቤቴ፣ ከጉራጌ አገር የመጡት ባልቴት፣ በአጥሩ ሾልከው ገቡ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላቃጥላቸው ነው፣ እትዬ።»

«አበድክ? የቀለሙ ሽታ ብቻ ወታደሮቹን ይጠራል! ወዲህ በል!»

ወደ ቤታቸው ይዘውኝ ገብተው አሻንጉሊቶቹን በበቆሎ ልጣጭ ጠቀለሏቸውና ከምድጃቸው በላይ፣ ለዘር ካንጠለጠሉት በቆሎ መሃል ሰቀሏቸው። እኔን ጋቢ አከናንበው እንደ በሽተኛ ጥግ አስቀመጡኝ። እሳቱ ላይም እርጥብ እንጨት ጨመሩ።

ወታደሮቹ እያሳሉ ገቡ። አስተርጓሚው ዓይኑን እያሸ፣ «አንቺ፣ ያ የተሰቀለው ምንድን ነው?» አለ።

«ዘር ነው፣ ልጄ። ጣሊያን በቆሎም ይፈራል እንዴ?»

ምን ብሎ እንደተረጎመላቸው እንጃ። እየተጋፉ ወጡ።

ጣሊያን ካገር እስኪወጣ ድረስ አሻንጉሊቶቹ ከዚያ አልወረዱም። ሲወርዱ ሙሽራዋም ሹሙም አንድ ዓይነት ጥቁር ሆነዋል። «ጠፉ እኮ፣ እትዬ» ብዬ አለቀስኩ።

«የት ጠፉ? ጠቆሩ እንጂ። እኔስ እዚህ ጭስ ሥር ስንት ዘመኔ ነው፣ ጠፋሁ?»

ባለፈው ሳምንት ታዲያ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ አንዲት ወጣት፣ «አባባ፣ ጥላሸቱን አንጠርገውም፤ ነቀዝ ያልነካቸው በሱ ነው» አለችኝ። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው የኔ ስም ብቻ ነው። ሰው እድሜ ሲጠግብ እንዲህ ያለው ነገር ይከነክነዋል። ሌላም ስም እንድትጨምር ለመንኳት።

«የማንን፣ አባባ?» አለች እስክሪብቶዋን አንስታ።

«የእትዬ ከድጃን።»