የአዴ ዙሀይራ ጠባቂ

አዴ ዙሀይራን የምጠብቃቸው እኔ ነበርኩ። ዱላ አልያዝኩ፣ ካፖርት አልለበስኩ፤ ሮቤ ውስጥ ያለችው ሱቄ ከልጃቸው ቤት ፊት ለፊት መሆኗ ብቻ በቂ ነበር። ልጃቸው ዓብዱልፈታሕ ግቢውን ሠርቶ እናቱን ከጎባ ያመጣ ዕለት ወደ እኔ ብቅ አለና፣ «በእውቀቱ፣ እማዬ ብቻዋን ስትወጣ ካየህ ደውልልኝ፤ አደራ» አለኝ። የተከበረ ሰው አደራ ሲሰጥህ ደስ ይላል። እሺ አልኩ። የግቢው በር ተቆልፎ አያውቅም፤ ቁልፉ እኔ ነበርኩ።

ሴትዮዋ ጎባ ውስጥ አንድ ሐኪም ቤት፣ ካርድ ክፍል፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተዋል። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኙ ከስሙ በፊት የካርዱ ቁጥር ነው ትዝ የሚላቸው። ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው «ይብቃሽ፣ አሁን አርፈሽ ተቀመጪ» አለ። በእኛ አገር እናቱን ያስቀመጠ ልጅ ይመሰገናል። ወፍራም ሶፋ፣ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን፣ ሌንሳ የምትባል ሠራተኛ ቀረበላቸው። ምራታቸው ኢብቲሳም ደግሞ ብርጭቆ እንኳ አታስነሳቸውም።

በሁለት ወር ውስጥ የቤቱን ዕቃ በሙሉ በፊደል ተራ ደርድረው ጨረሱ። ከዚያ መንገዱን ተሻግረው ወደ ሱቄ መጡ። ሁለቱም በ«ሰ» ይጀምራሉ ብለው ስኳሩን ከሳሙናው አጠገብ አደረጉት። ደንበኞቼ ሻያችን ሳሙና ሳሙና ሸተተ እያሉ ቢነጫነጩም እንዳለ ተውኩት። እሳቸውን ማን ደፍሮ ይናገራል?

አንድ ቀን ሱቄ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ «በእውቀቱ፣ እኔ እኮ ታስሬያለሁ» አሉኝ።

«እንዲህ ያለውን እስር ለእኔም ባደረገልኝ፣ አዴ!» ብዬ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። አፌን መያዝ የነበረብኝ ያኔ ነው።

ለዓይናቸው ክትትል ጎባ ደርሰው የተመለሱ ዕለት ግን ሌላ ሰው ሆነው መጡ። በርጩማውን ረስተው ቆመው አወሩኝ። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ከገሰራ የመጣች አንዲት ሴት ቆማለች። የባሏ አባት ውጭ ጋሪ ላይ ተጋድሞ ያቃስታል፤ መናገር አይችልም። ሠራተኛው «የታማሚው ስም?» ሲላት መሬት መሬት ታያለች። ሦስት ጊዜ ከሰልፉ ወጥታ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች። ሠራተኛው ለአገሩ አዲስ ነው፤ ምራት የባሏን ወላጆችና አያቶች ስም በአፏ እንደማታወጣ ማን ነግሮት?

አዴ ዙሀይራ ጠጋ አሏት። «ሂን ዋሚን፣ ኢንተላ ኮ፤ ልጄ፣ ስሙን አንቺ አትጥሪው። እኔ ስም እየጠራሁ እሄዳለሁ፤ ስደርስበት እጄን ጨመቅ አድርጊው።»

የገሰራ ሰዎችን ስም ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ለታ፣ ፊሮምሳ፣ ለሊሳ፣ ባዳሳ። እጃቸው ተጨመቀ። የአባቱንም እንዲሁ አገኙት፤ ጉርሜሳ። ካርዱ ወጣ።

«ሌላም ቀን ይምጡልን አለኝ የካርድ ክፍሉ ልጅ» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ሰኞና ሐሙስ ብቻ፣ በነጻ። ለዓብዱልፈታሕ እንዳትነግረው።»

ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ሰኞና ሐሙስ በጎባ ሚኒባስ ሄደው ሲመለሱ ቀና ብለው ነበር የሚራመዱት። ከዚያ ዓብዱልፈታሕ ሱቄ መጥቶ፣ «አደራዬን እየጠበቅህልኝ ነው አይደል?» አለኝ። አደራ በላ ከመባል ሞት ይሻላል። ነገርኩት።

ቢጮኽባቸው ይሻል ነበር፤ አልጮኸም። ጎባ ሄዶ በካርድ ክፍሉ ሰልፈኛ ፊት ጉልበታቸውን ስሞ፣ «እማዬ፣ ሰው እናቱን ሐኪም ቤት በር ላይ ጣላት ይለኛል። አታዋርጂኝ» ብሎ መኪናው ውስጥ አስገባቸው። በፍቅር የታሰረ ሰው ምን ብሎ ይሟገታል?

ከዚያ ወዲያ መንገዱን አልተሻገሩም። በሩ ገርበብ ሲል አያቸዋለሁ፤ ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል፣ እሳቸው በሩን ያያሉ። ስኳሩን ከሳሙናው ላርቀው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ከሰዓት ኢብቲሳም በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች። አዴ ዙሀይራ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። ዓብዱልፈታሕ ሻሸመኔ ነው። ካርዳቸው ጎባ ስለሆነ ባጃጅ ይዘን ወደዚያው በረርን። ሌንሳ ድንገተኛ ክፍል ይዛቸው ስትገባ እኔና ኢብቲሳም ወደ ካርድ ክፍሉ ሮጥን። ተረኛዋ አዴ ዙሀይራን የማታውቅ አዲስ ሴት ነበረች።

«የታማሚዋ ስም?»

ኢብቲሳም መሬት መሬት አየች። ዲግሪ ያላት ልጅ ናት፤ ግን ምራት ምራት ናት።

«ዙሀይራ» አልኩ እኔ።

«የአባት ስም?»

ስንት ሰዓት እንደሚወጡ፣ ስንት ሰዓት እንደሚገቡ ዓመት ሙሉ የሰለልኩ ሰው የአባታቸውን ስም አላውቅም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በመጀመሪያው ጥሪ የሚያነሳው ዓብዱልፈታሕ ስልኩ ዝግ ነው። «ጻፊው» ብዬ ብዕር ብሰጣት ኢብቲሳም መጻፉም ያው መጥራት ነው ብላ መለሰችልኝ።

«እሺ፣ እኔ ልጥራ። ስደርስበት የሻሽሽን ጫፍ ያዢ» አልኳት። አሕመድ። ሁሴን። ከድር። እንባዋ ይወርዳል፤ ሻሿን አልነካችም። ከኋላችን የተሰለፉ አንድ ሽማግሌ ነገሩ ገባቸውና «አደም!» አሉ። አንዲት እናት «ሙሳ!» አለች። ከዚያ ሰልፉ በሙሉ ስም ይወረውር ጀመር። ጀማል! ሱልጣን! አማን! ቀመር!

ሻሹ ተያዘ።

ደም ግፊት ነበር። ማታ ነቅተው ኢብቲሳም ሁሉንም ስትነግራቸው፣ «ስንት ስም ጠራህ?» አሉኝ።

«ሰልፈኛው ሁሉ ተጨምሮ አሥራ ሰባት።»

«እኔ ብሆን በአራተኛው እደርስበት ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከአሥር ቀን በኋላ ዓብዱልፈታሕ ከስቶ ሱቄ መጣ። «አሁንማ ከበፊቱ ይበልጥ ጠብቅልኝ» አለ።

«ዓብዱልፈታሕ፣ የአባታቸውን ስም እንኳ ሳላውቅ የኖርኩ ሰው ምን ጠባቂ ነኝ? ሌላ ሰው ፈልግ» አልኩት። የቀለድኩ መሰለው። «አደራ» ብሎኝ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተከፈተ። አዴ ዙሀይራ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን አንግተው ወጡና ደጃፉ ላይ ቆሙ። ባጃጅ አለፈ፤ አልጠሩትም። ሌላም አለፈ። የሚያዩት እጄ ላይ ያለውን ስልክ ነበር።

እያዩኝ ስልኬን ዘጋሁት። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞሬ፣ ስልክም በ«ሰ» ይጀምራልና፣ በተራው ከስኳሩና ከሳሙናው መሃል አስቀመጥኩት። ሦስተኛውን ባጃጅ ጠሩት።