ዝምታዬን ጨዋነት ያሉት ጊዜ

መጀመሪያ የጠፋብኝ ወሬ ነው። ዓረብ አገር፣ ጃል ኤል ዲብ በሚባል ሰፈር፣ በሰው ቤት እያደርኩ ስሠራ፣ እህቴ ከጎንደር ስትደውል የምመልስላት አጣሁ። ከዚያ ሳቅ ጠፋ። ከዚያ ረሃብ። ማዳሜ ግን ደስ አላት። ለእንግዶቿ «ትሬ ጃንቲ፣ በጣም ጨዋ ሆናለች፤ ድምፅዋ እንኳ አይሰማም» ትላቸው ነበር። ስታመም ተመሰገንኩ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ገላዬን መታጠብ ሳቆም ደግሞ «ከስላኔ» ሆንኩ፤ ሰነፍ ማለቷ ነው። ሻንጣዬን በር ላይ አስቀመጠችው።

ያገሬ ልጅ ጥሩወርቅ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሳብራ ሰፈር አጠገብ በተከራየችው ክፍል አስጠጋችኝ። እዚያ ሰው ሳይኖር ስሜን የሚጠሩ ድምፆች መጡ። ጥሩወርቅ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ስኪዞፍሬንያ ተባልኩ። መድኃኒቱ ድምፆቹን አጠፋቸው። እኔን ግን አልመለሰኝም። ፍራሽ ላይ እቀመጣለሁ። ግድግዳ አያለሁ። አላዝንም። አልፈልግም። ጥሩወርቅ ታጥበኛለች፣ ታጎርሰኛለች። ሴቶቹ «ድናለች እኮ፤ ያኒ፣ ማለት፣ ሥራ ጠልታ ነው። ኸላስ፣ በቃ፣ በወሩ መጨረሻ ትውጣ» አሉ። የመኖሪያ ወረቀት የሌላት ሴት ወጥታ የት እንደምትገባ ያሰበ የለም።

ሐኪም ቤቱ ያለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ቀስ ባለ አረብኛ አስረዳችን። «ስንፍና አይደለም። ኔጋቲቭ ሲምፕተምስ እንለዋለን። ሕመሙ ፍላጎትን ይወስዳል፤ ከመድኃኒቱ ሌላ ልምምድ ያስፈልጋታል።» ወደ ጥሩወርቅ ዞራ «አንቺም እጅሽን ሰብስቢ፤ የምትችለውን ራሷ ታድርገው» አለቻት። ጥሩወርቅ ተቆጣች። ኑሮዋ ለሰው መሥራት የሆነች ሴት፣ ለታመመች ጓደኛዋ ሲሆን ቁጭ በይ ተባለች።

ከዚያ ባለሙያዋ «ዛሬ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ስድስት ዓመት በሰው ቤት ስኖር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጥያቄውን ይዤ ወደ ፍራሼ ተመለስኩ።

ልምምዱ ሰሚን ያስቃል። አንድ ቀን ጫማዬን ራሴ አስራለሁ፣ ሌላ ቀን ሳብራ ገበያ ወርጄ ቲማቲም መርጬ እገዛለሁ፤ ከመሄዴ በፊት ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ ከአሥር እገምታለሁ፣ ስመለስ የተሰማኝን እጽፋለሁ፤ ዜሮ ያልኩት አንዳንዴ ሦስት ይሆን ነበር። ከሌሎች ሕሙማን ጋር ደግሞ ዓይን ለዓይን እየተያየን ሰላም ማለትንና እምቢ ማለትን እንለማመዳለን።

ወሩ አለቀ። ከሴቶቹ ታላቅ የሆነችው እትዬ አልማዝ «ያላ፣ ተነሺ» አለችኝ። ጥሩወርቅ ልትመልስላት አፏን ከፈተችና ዘጋችው።

«አልወጣም» አልኩ። «ታምሜ ነው።»

ተናድጄ ነበር። ስንት ጊዜ ምንም ሳይሰማኝ ኖሬ፣ ያን ዕለት ተናደድኩ። እትዬ አልማዝ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ ውጪ ያለኝ የለም።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ጀማይዜ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት አጸዳለሁ፤ አንዳንድ ጠዋት ግን ዛሬም ከፍራሹ መነሳት ያቅተኛል። ጥሩወርቅን፣ ልታግዘኝ እየፈለገች እጇን ስለሰበሰበችባቸው ቀናት ሁሉ አመሰግናታለሁ። እናንተም አጠገባችሁ እንዲህ የሆነች ካለች አትስደቧት፤ የምትችለውንም አትሥሩላት። ምን እንደምትፈልግ ጠይቋትና መልሱን ጠብቁ። የእኔ መልስ፣ «ሥራ ልጀምር» የሚለው፣ አምስት ወር ፈጅቷል።