በነዚፍ በር ላይ የተሰቀለው ቀፎ

አራርሳ ጣሊያን ከወጣ በኋላ መቱ ላይ ኮርቻ እየሰፋ የኖረ ሰው ነው። እጁ ጥሩ ነበር ይባላል፤ ከእጁ ይልቅ ግን የሚወራለት ተንኮሉ ነው። አንድ ጊዜ ለባለሱቁ ለነዚፍ በሰፋለት ኮርቻ ውስጥ ቃጭል ደበቀበት። ነዚፍ እስከ ቡሬ ድረስ ሲያቃጭልበት ሄደ፤ በየመንገዱ እየወረደ የበቅሎዋን አንገት ይፈትሽ ነበር። እሱም ዝም አላለም፤ በስኳር ፋንታ ጨው ጠቅልሎ ላከለትና አራርሳ አማቶቹን የጨው ሻይ አጠጣ። ሁለቱ ሲሰዳደቡ የሰማ እንግዳ የተጣሉ ይመስለዋል።

የነዚፍ ሚስት ኡምሰልማ ስትሞት ይህ ሁሉ ቆመ። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላም ነዚፍ ሱቁን አልከፈተም፤ ከሱቁ ጀርባ ካለው ቤቱ አይወጣም። አራርሳ እየሄደ አብሮት ይቀመጣል፣ እንደ ሰው ሁሉ "ያጽናህ" ብሎት ይነሳል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነዚፍ ሱቁን ሸጦ ጅማ ወደ ዘመዶቹ ሊሄድ መሆኑን ነገረው።

"እዚህ ምን ቀረኝ?" አለ። "አንተ እንኳ እንደ ሽማግሌ ነው የምታናግረኝ።"

አራርሳ በማግስቱ ስፌት አልያዘም። ሁሩሙ ገበያ ወርዶ ባዶ ቀፎ ገዛ፤ ንብ አናቢዎች እንደሚያደርጉት ውስጡን ሰም ቀብቶ በጢስ አጠነው።

"የት ልትሰቅለው ነው?" አለች ሚስቱ ተጂቱ።

"ነዚፍ በር ላይ።"

"በሐዘንተኛ ይቀለዳል? ነውር አይደለም?"

"ነውር ነው" አለና ተሸክሞት ወጣ።

ከተዘጋው የሱቅ በር በላይ ሰቀለው። መንገደኛ ሲጠይቀው "ሰው ካልገባበት ንብ ይግባበት" ይላል። የሳቀ አለ፣ የሰደበውም አለ። ነዚፍ ግን ብቅ አላለም። አራርሳ ወዳጁን በገዛ እጁ ያጣ መሰለውና መሄዱን ተወ።

መስከረም ላይ እውነትም ንብ ገባበት። ሱቁን ሊገዛ ከጎሬ የመጣው ነጋዴ በሩን ገፋ ሲያደርግ ንቡ ወጣበት፤ ነጋዴው ባርኔጣውን ጥሎ ሮጠ። ነዚፍም ተነድፎ አንድ ዓይኑ አብጦ ኮርቻ መስፊያው ቤት ደረሰ።

"አንተ ጅብ! ገዢዬን አባረርክብኝ! አሁኑኑ አውርድልኝ!"

"ማር ሳይቆረጥ ቀፎ ይወርዳል?"

"መቼ ነው የሚቆረጠው?"

"ለኅዳር። አሁን ዓይንህ ሲያብጥ አማረብህ።"

ነዚፍ እየተሳደበ ተመለሰ። እስከዚያው ብሎ በጓሮ በር ጨውና ሳሙና መሸጥ ጀመረ።

ኅዳር ላይ ማሩ ተቆረጠና ነዚፍ ለአራርሳ አንድ እንስራ ሙሉ ላከለት። ከላይ ማር ነበር። አራርሳ ማንኪያውን ጠለቅ ሲያደርገው ጭቃ ይዞ ወጣ። ወደ ተጂቱ ዞረ።

"ጅማ አይሄድም" አላት።