የመሪጌታ አስናቀ እጅ

ጣልያን ከመቀሌ በወጣ ማግስት ገበያው የተዘረፉ የብራና መጻሕፍት ሞሉበት። የየትኛው ደብር ንብረት እንደሆኑ ለማወቅ ሰው ሁሉ የሚሄደው መሪጌታ አስናቀ ዘንድ ነበር። መሪጌታ ከላስታ መጥተው መቀሌ የከተሙ ጸሐፊ ናቸው። መጽሐፉ ዳር ላይ የተጫረውን አየት ያደርጉና፣ «ይህ የእገሌ እጅ ነው፤ እገሌ ደብር ነበር» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም፤ ይህንንም ራሳቸው ይናገራሉ። ትሕትና ብዙም አልፈጠረባቸውም።

አንድ ልጃቸው ከፋለ ግን ዘምቶ እንደወጣ ቀርቷል። መሞቱን ያየ ስላልተገኘ ተዝካሩ አልወጣም። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺወርቅ፣ «ነፍሱ ትንከራተታለች» እያሉ ቢለምኑም፣ መሪጌታ «በቁሙ አልቀብረውም» ብለው እንቢ አሉ።

አንድ ጠዋት የከተማው ደብር ገበዝ፣ ዓይናለም ከምትባለው መንደር የተገኘ መጽሐፍ ይዘው መሪጌታ ወዳሉበት ገበያ መጡ።

«አቦይ መሪጌታ፣ እስቲ ይዩልን።»

መሪጌታ ገለጥ ገለጥ አደረጉና ክው አሉ። ዳሩ ላይ «እግዚኦ አድኅና ለወለተ ኪዳን» ይላል፤ ጌታ ሆይ፣ ወለተ ኪዳንን አድናት ማለት ነው። ወለተ ኪዳን የወይዘሮ የሺወርቅ የክርስትና ስም ነው። ከነፍስ አባታቸው በቀር ይህን ስም የሚያውቁት ባልና ልጅ ብቻ ናቸው። ፊደሉም ቁርጥ የከፋለ ነው።

መጽሐፉን ታቅፈው ወደ ቤት ከነፉ።

«የሺ፣ ልጅሽ አለ! ለአንቺ የጸለየውን አገኘሁት። ስንቅ ቋጥሪልኝ፤ ፈልጌ አመጣዋለሁ!»

«ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። መሪጌታ አነበቡላቸው። የሴትዮዋ እንባ ወረደ።

«መሪጌታ፣ ከፋለን ሳምጥ ልሞት ደርሼ አልነበር? ያን ጊዜ፣ ‹ስጽፈው ከነበረው መጽሐፍ ዳር ስምሽን ጽፌ ለመንኩልሽ› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

መሪጌታ ቀለሙን እንደገና አዩት። አርጅቷል። ቀድሞም ማርጀቱን ማየት አልፈለጉም እንጂ አልጠፋቸውም ነበር። ከፋለን ሲያስተምሩት እጁን በእጃቸው ይዘው፣ በራሳቸው ፊደል ላይ እያስኬዱ ነው ያስጻፉት። የሰውን ሁሉ እጅ ሲለዩ ኖረው የራሳቸውን ከልጃቸው መለየት አቃታቸው። አንጀት ይበላል።

«ሌላ ተስፋ አልቀረኝም፤ እንግዲህ ተዝካሩ ይውጣ» አሉ።

ካህናቱ በጸሎት የሚያነሡት የሟች ስም ተጽፎ ይሰጣቸዋል። ወይዘሮ የሺወርቅ ቁራጭ ብራና አቀረቡላቸው። መሪጌታ ብዕራቸውን ቀለም አስነክተው ቆዩና መልሰው አስቀመጡት።

«ሌላ ሰው ይጻፈው» አሉ። «እኔ ከጻፍኩት፣ ልጄ ራሱ ‹ሞቻለሁ› ብሎ የጻፈልኝ ይመስለኛል።»