የጅጋዋ ስልከኛ

የቆርቆሮውን ሣጥን ስከፍተው የናፍታሊን፣ የአይጥና የቆየ ወረቀት ሽታ ባንድነት ፊቴን መታኝ። እናቴ ጅጋ ያለውን ቤቷን ለቃ ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ ከገባች ወራት አልፈዋል፤ ቤቱን የተከራየው ሰው በማግስቱ ዕቃውን ይዞ ሊገባ ነው። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ አንዱንም ክፍል አልጨረስኩም። ጓዳውን እጀምርና ወደ ሳሎን እሄዳለሁ፤ ጆንያ ውስጥ የወረወርኩትን መልሼ አወጣለሁ። እናቴ ደግሞ በየመሀሉ ትደውላለች።

«ሰፌዶቼን እንዳትጥይብኝ። የአባትሽን ከዘራስ አገኘሽው?»

«አግኝቼዋለሁ፣ እማ።»

አላገኘሁትም ነበር።

ከሣጥኑ ሥር በጥቁር ክር የታሰሩ ትናንሽ ወረቀቶች ወጡ። የድሮ የስልክ ጥሪ ወረቀቶች ናቸው፤ ሞባይል ሳይመጣ፣ ከሩቅ አገር የሚያነጋግርህ ሰው አለና ስልክ ቤት ቅረብ እየተባለ በየቤቱ ይታደሉ የነበሩት። ቀለማቸው ደብዝዟል። ጽሕፈቱን ግን ወዲያው አወቅሁት። የእትዬ የሺ ነው።

እትዬ የሺ የጅጋ ስልከኛ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን ሴት። የጆሮ ማዳመጫውን ከሻሻቸው ላይ ደፍተው፣ ገመዱን ካንዱ ቀዳዳ ነቅለው ሌላው ላይ እየሰኩ፣ «ሃሎ ቡሬ! ቡሬ! አገናኙኝ እንጂ!» ሲሉ ድምፃቸው ገበያው ድረስ ይሰማል። የከተማው ሐዘንና ደስታ ሁሉ በጆሯቸው ያልፋል፤ ካፋቸው ግን አይወጣም። ሴቶች ወሬ ሊያወጣጧቸው ሲሞክሩ፣ «እኔ ሽቦ ነኝ። ሽቦ ምን ያውቃል?» ይሉ ነበር።

ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ሰሊጥ ሊያርም መተማ ወርዶ ቀርቶብን ነበር። አብረውት የወረዱት ሁሉ ሲመለሱ እሱ የለም። ወባ ጨርሶታል ያሉም ነበሩ። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ስልክ ቤቱ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ሳትቀመጥ አታልፍም፤ እኔም ከጎኗ። ደወሉ ሲጮህ እጄን ጭምቅ አድርጋ ትይዘኛለች፤ ጥሪው ለሌላ ሰው ሲሆን ትለቀኛለች። መዳፏ ሁልጊዜ በላብ የራሰ ነበር።

አንድ ቀን ወረቀቱ ለእኛ መጣ። እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ሮጠች። ስልክ ቤቱ ውስጥ ካለው የእንጨት ማነጋገሪያ ክፍል ገብታ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ብትለጥፈውም ከነፋስ ጩኸት በቀር የሚሰማት ነገር የለም። «ልጄ! ልጄ፣ አንተ ነህ?» እያለች ታለቅሳለች። እትዬ የሺ በሩን ከፈቱላት።

«ይውጡ፣ እዚህ አጠገቤ ይቁሙ። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ አደርሳለሁ።»

እናቴ ትናገራለች፤ እሳቸው ወደ መተማ ይጮሁታል። «ታመሃል ወይ ትላለች እናትህ! እህትህ ትምህርት ቤት ገብታለች ትላለች!» ከዚያ መልሱን አዳመጡ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩና ገመዱን ነቀሉት።

«ተቋረጠ» አሉ። «ድምፁ የጤነኛ ነው። ይመጣል።»

እናቴ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። እሳቸው ወደኋላ ሸሹ።

ደምሴ በጥቅምት መጣ፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ። ከዚያ ወዲህ ርቆ አልሄደም። ዛሬ ማንኩሳ ሚስትና ልጆች፣ መሬትና በሬዎች አሉት። የእናታችንን አልጋ ለማጓጓዝ የፈረስ ጋሪ ይዞ መጥቶ ነበርና ወረቀቶቹን አሳየሁት።

«ጋሼ፣ ይሄስ ይጣል?»

ተቀብሎ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው። ከመተማ የደወለበትን አገኘ።

«ያን ቀን ምን እንዳልኳቸው ታውቂያለሽ?»

«ደህና ነኝ አላልክም?»

«ሱዳን ልሻገር ነው፣ እናቴ አትጠብቀኝ፣ ተዝካሬን ታውጣ አልኳቸው። ‹ይህን ቃል እኔ አላደርስም። መጥተህ ራስህ ንገራት› ብለው ዘጉብኝ። እየተሳደብኩ ነው ወደዚህ የሚመጣ የጭነት መኪና ላይ የወጣሁት። እውነቴን ነው፤ ነግሬያት ልመለስ ነበር።»

መቀመጥ አቃተኝ። ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓዳ ተመላለስኩ። ባይመጣስ ኖሮ? እናቴ እዚያ አግዳሚ ላይ እስክታረጅ ልትቀመጥ ነበር። እትዬ የሺ ይህን ሳያስቡት ቀርተው ነው? ብጠይቃቸው ደስ ባለኝ፤ ግን ሞባይል መጥቶ ስልክ ቤቱ ሲዘጋ ቡሬ እህታቸው ዘንድ ሄዱ፤ መሞታቸውን የሰማነው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ልጅ አልነበራቸውም።

«ታዲያ ለእማ ነገርካት?» አልኩት።

«ቤት እንደገባሁ ምሳ አቀረበችልኝ። በልቼ እነግራታለሁ አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አጨዳው ደረሰ።» የአልጋውን አንድ ጫፍ አነሳ። «ያዢ እስኪ፣ ፈረሱ ቆሞ ደከመው።»